ከውጭ ምንም እንዳይታይ

«የጓሮዋን መስኮት አደራህን። ከውጭ ምንም እንዳይታይ» አለች አገኘሽ፣ የነጠላዋን ጥለት በትከሻዋ ላይ እያስተካከለች። ይህን ስትል ፊቷ ከክንፉ ፊት አንድ ስንዝር እንኳ አይርቅም፤ በመካከላቸው ያለው መስታወቱ ብቻ ነው። እሱ ሳሎን ውስጥ ወንበር ላይ ቆሞ፣ አሁን ከለጠፈው ፊልም ሥር የቀረውን ውኃ በጎማ እየገፋ ወደ ጠርዝ ያወጣል። እሷ በረንዳው ላይ ቆማ በዚያው መስኮት መልኳን ታያለች። ፊልሙ ብርማ ነው፤ በቀን ብርሃን ከውጭ ለቆመ ሰው መልክ ማያ ይሆናል፣ ከውስጥ ላለ ግን ትንሽ ጥላ ያረፈበት መስኮት እንጂ ሌላ አይደለም። አገኘሽ ነገሩ ገና አሁን የተለጠፈ ስለሆነ አልለመደችውም፤ ከመስታወቱ ጀርባ የባሏ ታናሽ ወንድም ቆሞ እንደሚያያትና እንደሚሰማት ጨርሶ አልታሰባትም።

ባሏ ኤፍሬም ከኋላዋ እጁን ኪሱ ከቶ ቆሟል። «እናቴ ናት እኮ» አለ ቀስ ብሎ።

«እናትህ አይደለችም አላልኩም። እግሯን ጠዋት ጠዋት የማጥበው እኔ ነኝ፣ አንተ አይደለህም። ግን ዛሬ ለሽምግልና የሚመጡት ሰዎች የሶዶ ሰዎች ናቸው፤ ዝሆኔን ከሩቁ ያውቃሉ። ያንን እግር አይተው ‹ዘር ነው› ብለው ቢነሱ ለልጅህ ማን ይደርስላታል? መጋረጃ ሰቀልኩ፤ ገልጣ ያለፈ ያገደመውን ሁሉ በጋሞኛ ሰላም ትላለች። ምን ላድርግ? አንተ ንገረኛ!»

ኤፍሬም ጫማውን አየ። ጫማው አዲስ ነው፤ ለዛሬ የተገዛ ነው። የሚነግራት ነገር ከጫማው ላይ የሚገኝ ይመስል አጎንብሶ ቆየና ወደ ድንኳን ተካዮቹ ሄደ።

ክንፉ ጎማውን መስታወቱ ላይ እንዳሳረፈ ቀረ። ወርዶ በረንዳው ላይ መውጣትና «ሰምቻችኋለሁ» ማለት ይችል ነበር። አልወረደም። የተናደደው ግን በአገኘሽ ሳይሆን ጫማውን በሚያየው ወንድሙ ነበር። ሰው እናቱን ደብቃት ሲባል እንዴት አፉን ይዘጋል? አንዲት ቃል አጣ? ሁለቱም እናታቸውን በጋሞኛ «አዮ» ነው የሚሏት፤ አዮ ከጓሮ ካለችው ክፍል ሆና ከዚህ ሁሉ አንዱንም አልሰማችም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ክንፉ የቀረውን ውኃ ገፍቶ አወጣ፣ ጠርዙን አደረቀ፣ ከወንበሩ ወረደ።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው። ኤፍሬም ከጨንቻ ደጋ ወደ አርባ ምንጭ የወረደው ገና በልጅነቱ ነው፤ ሲቀላ ገበያ ውስጥ ጋቢ ትከሻው ላይ ደርድሮ ከመሸጥ ተነስቶ የግንባታ ዕቃ መደብር ከፈተ፣ በላይኛው ሰፈር በሴቻ ይህን ቤት ሠራ፣ በቤተ ክርስቲያኑ የሽማግሌዎች ጉባኤ ውስጥ ተመረጠ። ክንፉ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በመካኒካል ኢንጂነሪንግ የተመረቀ ጊዜ አዮ እልል ብላ ሰፈሩን ሰበሰበች። ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር መቆም፣ «የሥራ ልምድ» የምትለውን ቃል ማንበብ፣ ወደ ቤት መመለስ። መጨረሻ ላይ ሐዋሳ ያለ አንድ የክፍል ጓደኛው ዘንድ ሄዶ የመስታወት ፊልም መለጠፍ ተማረና መጣ። በአርባ ምንጭ ፀሐይ ሞልቶ ተርፏል፤ ሆቴሉም ቢሮውም መስኮቱን ማልበስ ይፈልጋል። ሥራው ስሙ መለጠፍ ይባል እንጂ ዘጠኝ እጁ ማጽዳት ነው። በፊልሙና በመስታወቱ መሃል የገባች አንዲት የአቧራ ቅንጣት፣ አንዲት ፀጉር፣ ከሸሚዝ እጅጌ የወጣች ክር፣ ውኃው ሲደርቅ እንደ ብጉር ትነሳለች፤ ፊልሙ ተልጦ እስኪጣል ድረስም እዚያው ናት። ክንፉ በዚህ ምክንያት ሹራብ ለብሶ አይሠራም፤ ሥራ ሲኖረው ፀጉሩን በላስቲክ ይሸፍናል፣ ጓደኞቹም «ዳቦ ጋጋሪው» እያሉ ይስቁበታል።

አገኘሽ ወደ ሳሎን ገብታ መስኮቱን ከዳር እስከ ዳር አየች። «ተባረክ ክንፉዬ፣ ቤቱ ቀዘቀዘ እኮ!» አለች። ከዚያ ስለ ዓሣ ዋጋ አወራች፤ የጫሞ ዓሣ ለእኛ ለባለ አገሮቹ እንዲህ ከተወደደ ለአዲስ አበባ ሰው ስንት ሊሸጥ ነው አለች፤ ሙዝ እንኳ እንደ ዱሮው በነፃ የሚቀመስ አልሆነም አለች። እያወራች ከሶፋው ጀርባ ተጠቅልሎ የቆመውን ነጭ ፊልም አነሳችና እጁ ላይ አኖረችው። ከመታጠቢያ ቤቱ የተረፈው ነው፤ ወተት የተቀባ የሚመስለው፣ ብርሃን እንጂ ሌላ ነገር የማያሳልፈው።

«የጓሮዋን በዚህ አልብሳት» አለች፣ ልክ ስለ ዓሣው ባወራችበት ድምፅ።

«እትዬ፣ ነጩ እኮ ከውስጥም አያሳይም። ለአዮ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ማየት ነው።»

«ከዚያ መስኮት ምን ይታያል? አጥር ነው።»

«ከአጥሩ በላይ ጨንቻ ይታያል።»

አገኘሽ ወደ ጓሮው አየች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ክፉ ብትሆን ለክንፉ ይቀለው ነበር። እሱም ወዲያው፣ ከሳሎኑ የተረፈ የብርማው ቁራጭ እንዳለውና ለዚያች መስኮት ልክ እንደሚበቃ ነገራት። «በቀን ከውጭ ምንም አያሳይም። ቅድም በረንዳው ላይ ራስሽ አይተሽዋል» አለ። ይህን ሲል ዓይኗን አየው። አገኘሽ ወደ በረንዳው መስኮት ዞር አለች፣ መልሳ ወደ እሱ ዞረች፤ የሰማ መሆኑን ያን ጊዜ አወቀች። ፊቷ ቀላ፣ ግን አልተመለሰችም።

«እሺ፣ ብርማው ይሁን። ግን ንጹሕ ይሁን ክንፉ። ድንኳኑ ፊት ለፊቱ ነው የተተከለው፤ ነጠብጣብ ካለበት የሁሉም ዓይን እዚያ ያርፋል። ንጹሕ ካልሆነ ነጩን ትለጥፋለህ። ተስማማን?»

ተስማሙ። ብርማው ከዚህ ቁራጭ በቀር የለም። ሐዋሳ ቢደውል ነገ ወይ ከነገ ወዲያ በአውቶቡስ ይላክለታል፤ እንግዶቹ የሚገቡት ግን ዛሬ ከምሳ በኋላ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚለጠፈው።

የጓሮዋ ክፍል ለሠራተኛ ተብላ የተሠራች ናት። ሠራተኛ መያዝ ሲወደድ ክፍሏ ባዶዋን ቀረች፣ የአዮ እግር ሲብስ ደግሞ አዮ ገባችባት። አንድ አልጋ፣ አንድ በርጩማ፣ መስታወቱን ከብረቱ ጋር የያዘው ስቱኮ የተሰነጣጠቀ መስኮት፣ ግድግዳው ላይ የቤተ ክርስቲያን የቀን መቁጠሪያ። አዮ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አድርጋ፣ ሁለቱን እግሮቿን በርጩማው ላይ ዘርግታ ትውላለች። ዕድሜ ልኳን የጨንቻን ቀይ አፈር በባዶ እግሯ ረግጣ ገብስ አርማበታለች፣ እንሰት ተክላበታለች፤ አፈሩ ደግሞ ውሎ አድሮ ከጉልበቷ በታች ያለውን የእሷን አካል የራሱ አደረገው። እግሯ አብጦ ቆዳው እንደ ዛፍ ቅርፊት ሆኗል። ክሊኒኩ ልኳን ሰፍቶ የሰጣት ሰፊ ጫማ አላት፤ በሱ ታግዛ እስከ ደጃፍ ትወጣለች እንጂ ሩቅ አትሄድም። እጆቿ ግን እንደ ድሮዋ ናቸው። ከጎኗ ባለው ሳፋ ውስጥ ተነድፎ የተዘጋጀ ባዘቶ አለ፤ ከጧት እስከ ማታ እንዝርቷን ታሾረዋለች፣ የጥጡ ብናኝም በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ቀስ እያለ ይንሳፈፋል። ክንፉ ደጃፉ ላይ ቆሞ ያንን ብናኝ አየ። ለፊልም ከዚህ የከፋ ክፍል የለም።

ክንፉ ይዟት ሄዶ የማያውቅ እንዳይመስላችሁ። ባለፈው ዓመት ሲቀላ ወደ ተከራያት ክፍል ወስዷት ነበር። አከራይዋ በሦስተኛው ቀን ጠዋት በሩን አንኳክተው፣ እግዚአብሔር ይማራት፣ እኔ አልጠላኋትም፣ ግን ተከራዮቹ በአንድ ቧንቧ ነው የምንጠቀመው እያሉኝ ነው አሉ። አይተላለፍም ብሎ ማለ። እሳቸውም እንደማይተላለፍ እንደሚያምኑ ማሉ። በነጋታው ባጃጅ ጠርቶ መልሶ ወደዚህ አመጣት። ሌላ ክፍል ለመከራየት የሚጠይቁትን ሰምቶ ነበር፤ ፊልም በመለጠፍ የሚገኝ አይደለም።

«አዮ፣ ዛሬ ፈትል የለም» አላት በጋሞኛ።

«ሰንበት ነው እንዴ?»

«ሰንበት አይደለም። መስኮትሽን ላሳምረው ነው። ጥጡ ከበነነበት ይበላሻል።»

ሳቀች። ጥርሶቿ ጥቂት ቀርተዋል፤ ሳቋ ግን ሙሉ ነው። «ጥጥ ደግሞ ቆሻሻ የሆነው መቼ ነው? ሰው ሲወለድ በምን ይጠቀለላል? ሲሞትስ? ተማርክና ጥጥን ናቅህ!» እንዲህ አለችና እንዝርቷን ከትራሱ ሥር ከተተች። ክንፉ ሳፋውን በላስቲክ ሸፍኖ ከአልጋው ሥር ገፋው። ጭኗ ላይ የቀረችውን አንዲት ጭብጥ ባዘቶ አላየም።

ወለሉን ውኃ አፈሰሰበት፤ አቧራው እንዳይነሳ። በመርጫው ወደ አየሩ ደጋግሞ ውኃ ነፋ፣ የሚንሳፈፈው ሁሉ ከብዶት እንዲወርድ። አንሶላ ነክሮ ጨምቆ በሩ ላይ ሰቀለ። ብርድ ልብሱን አጣጥፎ አወጣ። ከዚያ መስታወቱን የሕፃን ሻምፑ ጠብ ባለበት ውኃ አጥቦ፣ በምላጭ ከጫፍ እስከ ጫፍ ፋቀው፤ የቀለም ፍንጣቂ፣ የዝንብ ኩስ፣ የዓመታት ጭስ ወረደ። አዮ ልጇ ምን እየሠራ እንደሆነ በትኩረት ታያለች፤ የሽመና ሥራ የሚያይ ሰው እንዲህ ነው የሚያየው፣ ዝም ብሎ፣ እጅ እጁን። ክንፉ ወደ ጠርዙ ሲደርስ ቆመ። ስቱኮው በተሰነጠቀበት በኩል የመንገዱ ንፋስ ብናኝ ይዞ ይገባል። ጣቱን በስንጥቁ ላይ አስኬደና «ጠላታችን የሚገባው በዚህ ነው አዮ» አላት። «ይህ ከተዘጋ ግማሹን አሸነፍን።» በውኃ ደጋግሞ አጠበው፤ የሚወጣው ውኃ ንጹሕ እስኪሆን አልተወውም።

መስታወቱ ሲጠራ ጨንቻ ቀረበ። ዝናብ ጥሎ ስላደረ ተራራው ከታች እስከ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ቀርከሃው፣ እርሻው፣ ወደ ዶርዜ የሚወጣው መንገድ ጥምዝምዝ። አዮ አንገቷን አስግጋ አንዲት ቦታ አሳየችው። «ያቺ የእኛ ናት» አለች። ከዚያ ርቀት ቤት ቀርቶ ቀበሌ አይለይም፤ ደግሞ ቤቱ አባታቸው በሞቱ በዓመቱ ፈርሷል፣ እሷም ታውቃለች። ግን በየጠዋቱ ያቺን ቦታ ካላየች ቀኗ አይጀምርም። «ትታያለች» አላት ክንፉ፣ ምንም ሳይታየው። ወዲያውም ፊልሙን ለማምጣትና የሚያግዘው ሰው ለመጥራት ወጣ። ከጀርባው የተጣበቀውን ስስ ላስቲክ ሲልጡት ፊልሙ አየር ላይ ያለውን ብናኝ ሁሉ ወደ ራሱ ይስባል፤ አንዱ ሲልጥ ሌላው ወዲያው ውኃ ሊረጭበት ይገባል። ብቻውን የሚሠራው ሥራ አልነበረም።

የኤፍሬምን ልጅ ሔርሜላን ከማድ ቤቱ ደጃፍ አገኛት። ፀጉሯ ተሠርቷል፣ የአበሻ ቀሚሷ ላይ ሽርጥ አስራ ዳጣ በሳህን ላይ ታከፋፍላለች። በዩኒቨርሲቲው የሕብረተሰብ ጤና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። ሊያገባት የጠየቃትን ልጅ ትወደዋለች፤ ክንፉ ይህን ያውቃል፣ ለእሱ ነው በመጀመሪያ የነገረችው። አብረው ወደ ጓሮ ሲሄዱ፣ «ሔርሜላ፣ ዝሆኔ ዘር ነው እንዴ?» አላት።

«አይደለም። አፈሩ ነው። በባዶ እግር ከመሄድ ነው የሚመጣው። መመረቂያ ጽሑፌን እኮ በሱ ላይ ነው የሠራሁት።»

«ለእናትሽ ነግረሻታል?»

«ነግሬያታለሁ። እሷ አላምንም አላለችም። ‹እነሱ አያምኑም› ነው ያለችኝ።» ጥቂት ሄዱና፣ «ልክ ናት ደግሞ» አለች። ድምፅዋ ተሰበረ።

በሩ ላይ ሲደርሱ ኤፍሬም ከበረንዳው ጮኸ። «ደወሉ! ላንቴን አልፈዋል!» ላንቴን ካለፉ ደርሰዋል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ በጥድፊያ ሆነ። ልምዱ ቢሆን ክንፉ ፊልሙ ከመለጠፉ በፊት መስታወቱን አንድ ጊዜ በውኃ ያጥባል፣ በጎማ ይጠርጋል፣ ጠርዙንም በጣቱ ይዳስሳል። አሁን መስታወቱን አየው፤ ጠርቷል። አዮም አልጋዋ ላይ እንደተዋት አለች፤ ብቻ ትንሽ ታለከልካለች፣ ተነስታ እንደነበረ ሰው። አላስተዋለም። መርጫውን አንስቶ መስታወቱን አራሰ። ሔርሜላ ላስቲኩን ላጠች፣ እሱ ረጨ፣ ሁለቱ ፊልሙን በአራቱ ማዕዘን ይዘው መስታወቱ ላይ አሳረፉት። ልክ ገባ። ከመሃል ወደ ዳር በጎማው ገፋ፤ ውኃው ወጣ፣ ፊልሙ ያዘ፣ ከኋላው ጨንቻ ትንሽ ጥላ ለብሶ እዚያው ነበር። ሔርሜላ አያቷን አቀፈቻት። ክንፉም በዚያች ቅጽበት ከልቡ ደስ አለው።

ነጩ ነገር የመጣው ከጠርዙ ነው። መጀመሪያ አንዲት ክር፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ጎማው ውኃውን ወደ ጠርዝ በገፋና በመለሰ ቁጥር እየተበተነ፣ በግራ በኩል ከላይ እስከ ታች። ክንፉ ጎንበስ ብሎ አየ። ስንጥቁ ውስጥ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ በጥንቃቄ በጣት ተጠቅጥቆ የገባ ባዘቶ አለ። ውኃው አርሶት እየፈታ ከፊልሙ ሥር ይልከዋል። እሱ ፊልሙን ሊያመጣ በወጣበት ጊዜ አዮ በጭንቅ በሚሸከሟት እግሮቿ ተነስታ፣ አልጋውን ተደግፋ፣ የልጇን ጠላት መግቢያ ዘግታለታለች። በእጇ ባለው፣ በዓለም ላይ ንጹሕ ነው በምትለው ነገር ዘግታለታለች።

ጠርዙን አነሳ፣ ረጨ፣ በማጣበቂያ ፕላስተር ጫፍ ክሮቹን አንድ በአንድ ሊያወጣ ሞከረ። አንዱን ሲያወጣ ሌላው ይገባል። እጁን አፈጠነ። ሔርሜላ «ቀስ በል» አለችው። ፊልሙን ከፍ ሲያደርገው ከረጠበው ጣቱ አመለጠና በራሱ ላይ ወድቆ ታጠፈ። የታጠፈ ፊልም ዳግም አይዘረጋም፤ እጥፋቱ በመሃሉ እንደ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል። ክንፉ ግን ይዘረጋል ብሎ ደጋግሞ አሸው፤ ምናልባት እግዚአብሔር ዛሬ ብቻ የላስቲክን ሕግ ይለውጥልኝ ይሆናል ያለ ይመስላል።

አንሶላው ተገለጠ። አገኘሽና ኤፍሬም ናቸው። አገኘሽ አልጮኸችም። መስኮቱን አየች፣ ከዚያ ክንፉን፣ ከዚያ ነጩን ጥቅል ከበሩ ሥር አንስታ ወደ እሱ ዘረጋች። «ተስማምተን ነበር» አለች።

ክንፉ ወንድሙን አየ። «ጋሼ?»

«ዛሬን ብቻ እንለፍ» አለ ኤፍሬም።

«ፊልም ዛሬን ብቻ አይለጠፍም፣ ጋሼ።»

ኤፍሬም ጫማውን አየ። የመለሰችለት አገኘሽ ናት፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «እንግዲያው ይዘሃት ሂድ። አሁኑኑ ባጃጅ ልጥራልህ፣ ወደ ሲቀላ ይዘሃት ሂድ። ትወስዳታለህ?» ክንፉ ጥቅሉን ተቀበላት። ሁሉም መልሱን ያውቁታል፤ የማታውቀው፣ አማርኛው ስለፈጠነባት፣ አዮ ብቻ ነበረች። ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው እያየች እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ፈገግ አለች። ሔርሜላ ሽርጧን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች።

ነጩን ለጠፈው። ብርማውን ላጠ፣ ባዘቶውን ከስንጥቁ ጎልጉሎ አወጣ፣ መስታወቱን እንደገና አጠበ። ብቻውን ላጠ፣ ብቻውን ረጨ፣ ብቻውን አሳረፈ። ሥራ ከጀመረ ወዲህ እንደዚያ ያለ ንጹሕ ሥራ ሠርቶ አያውቅም፤ አንዲት ቅንጣት አልነበረችበትም። ጎማው ባለፈ ቁጥር ተራራው ከግራ ወደ ቀኝ እየጠፋ ሄደ፣ መጀመሪያ መንገዱ፣ ከዚያ እርሻው፣ መጨረሻ ላይ ያቺ ቦታ። ክፍሉ ውስጥ ብርሃን እንጂ ሌላ ነገር አልቀረም።

አዮ ወለሉ ላይ የተጣለውን እርጥብ ባዘቶ አየች። «እኔ ነኝ ያበላሸሁብህ?» አለች።

«አይደለሽም አዮ። የመንገድ አቧራ ነው።»

እንዝርቷን ከትራሱ ሥር አወጣች፣ አላሾረችውም። ከዚያ ፊቷን ወደ ነጩ መስኮት አዙራ፣ «ጨንቻ ጉም ወርዷል ማለት ነዋ» አለች። «ጉም ሲወርድ ምንም አይታይም። እኛ ለምደነዋል፤ ይገፈፋል።» ክንፉ ለእሱ ብላ እንዳለችው ገባው። ራሷ ላይ ስሟት ወጣ፤ እዚያ ቢቆይ ያለቅስ ነበር።

እንግዶቹ ከነሽማግሌዎቻቸው በሁለት መኪና ገቡ። የልጅቷ አጎት በድንኳን ውስጥ ግድ ያስፈልጋልና ኤፍሬም ክንፉን የራሱን ኮት አልብሶ አጠገቡ አስቀመጠው። ጸሎት ተደረገ፣ ዓሣ ቀረበ፣ ስለ ሶዶ መንገድ መበላሸት ተወራ። የሽማግሌዎቹ ዋና አቶ አጵሎስ ነጭ ጺም ያላቸው፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ደግ ፊት ያላቸው ሰው ናቸው። ቤቱን አመሰገኑ። የሳሎኑ መስኮት መልክ ማያ መሆኑን አይተው ሳቁ፣ ሸበትኩ ማለት ነው አሉ። ሥራው የክንፉ መሆኑ ሲነገራቸው፣ እጅህ ይባረክ ብለው መረቁት። ከዚያ ልጃችንን ልጃችሁ አድርጉልን ሊሉ ከወንበራቸው ተነሱ፣ ዓይናቸውም ፊት ለፊት ባለችው ነጭ መስኮት ላይ አረፈ።

ነጩ ፊልም ከውጭ ምንም አያሳይም፤ ብቻ አንድ ነገር መስታወቱን ከውስጥ ከተጠጋው ጥላው ይወጣል። መስኮቱ ላይ አንድ መዳፍ ወጣ። ጣቶቹ ተዘርግተው መስታወቱን ያብሳሉ፤ ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ይነሳሉ፣ እንደገና ከላይ ይጀምራሉ። ክንፉ፣ አዮ ጉም ነው ያለችው ለእሱ ስትል ብቻ መስሎት ነበር። እጇ ግን ጉሙን እየጠረገ ነው።

«እዚያ ሰው አለ እንዴ?» አሉ አቶ አጵሎስ።

አገኘሽ ትሪውን እንደያዘች ቆመች። ኤፍሬም አጎነበሰ። ሔርሜላ ከበረንዳው ደፍ ላይ ሆና ወደ ክንፉ አየች፤ ወደ አባቷ አይደለም፣ ወደ እናቷም አይደለም፣ ወደ እሱ ነው ያየችው። ክንፉ ጠዋት መስታወቱ ጀርባ ቆሞ በወንድሙ ላይ የተናደደበት ንዴት ሁሉ ትዝ አለው። አንዲት ቃል አጣ ወይ ብሎ ነበር። ቃሏ ምላሱ ላይ ነበረች፣ ሁለት ፊደል ናት። ከጉሮሮው የወጣችው ግን ሌላ ናት።

«ሠራተኛዋ ናት» አለ። «መስታወት እያጸዳች ነው።»

አቶ አጵሎስ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጎበዝ ናት» አሉ። «በእንግዳ ቀን እንኳ አታርፍም።» ሁሉም ሳቀ፣ ኤፍሬምም ሳቀ፣ ሽማግሌውም ወደመጡበት ጉዳይ ገቡ። መዳፉ ማበሱን አላቆመም።